ዘይት የጠጣው ክር

ሙሉ ስሙ ቡሽራ ዐብዱረሕማን ሷሊሕ ነው፤ ይህ ነገር በደረሰበት ጊዜ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነበር። ጎንደር ከተማ አዲስ ዓለም ተወልዶ፣ እዚያው አድጎ፣ እዚያው ትዳር ይዟል። አባቱም አያቱም ከመተማ ሸቀጥ የሚያመላልሱ ነጋዴዎች ነበሩ፤ እሱ ግን ንግድ አልሆነለትም። ዋጋ ሲጠራ ድምፁ ይርድ ስለነበር ገዢው ሁሉ ዕቃው የተሰረቀ ይመስለው ነበር እያሉ ወንድሞቹ ይስቁበት ነበር።

በጣሊያን ጊዜ ራዲዮ ከሚጠግን አንድ ጣሊያናዊ ዘንድ ካቻቢቴ አቀባይ ሆኖ ገባ። ጣሊያናዊው ሲሄድ ካቻቢቴው ቀረ፤ ከካቻቢቴው ጋርም ሙያው። አገር ነጻ ወጥቶ ከረጋ በኋላ ቡሽራ ከፒያሳ ቁልቁል በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ በር ሱቅ ከፈተ። ከዚያ ወዲህ የከተማው ራዲዮና ግራሞፎን፣ በኋላም ቴፕ የተባለው የድምፅ መቅጃ፣ ሲታመም የሚመጣው ወደ እሱ ነበር።

ፈሪ ሰው ነበር። ፍርሃቱ ግን ለሥራው በጅቶታል። አንድ መሣሪያ ከመክፈቱ በፊት ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ያነጥፋል፤ የፈታትን ብሎን ሁሉ በፈታበት ቅደም ተከተል ይደረድራል፤ ያልገባውን ነገር አይነካም። ሥራውን ጨርሶ እንኳ «ተሠርቷል» ሲል ተሰምቶ አይታወቅም። «ለጊዜው ይናገራል» ነው የሚለው። የሰፈሩ ሰው ይህን ስለሚያውቅ፣

«ቡሽራ፣ ራዲዮኔ ዳነ?» ይለዋል።

«ለጊዜው ይናገራል።»

«አንተስ እንዴት ነህ?»

«እኔም ለጊዜው።»

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በጥቅምት፣ አንድ ረፋድ ላይ ከሱቁ በር አንድ ጥምጥም የጠመጠሙ ሰው ቆሙ። በዕድሜ ከቡሽራ ያንሳሉ። በጭነት ማኪና ላይ ተሳፍረው ስለመጡ ጋቢያቸው አቧራ ለብሷል፤ በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ የያዙትን የጨርቅ ጥቅል ግን አንዲት ብናኝ አልነካችውም።

«አያ ቡሽራ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። ይግቡ።»

«መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ እባላለሁ። ደብሬ ከኮሶዬ ወዲያ ነው። ይኼን እንዲያዩልኝ ነው የመጣሁ፤ መጮኽ አብዝቷል።»

«የሚጮኽማ ሸጋ ነው መሪጌታ። እኔን የሚያስፈራኝ ዝም ያለው ነው።»

መሪጌታ አልሳቁም። ጥቅሉን ፈቱት። በውስጡ የነበረው ድምፅ የተቀዳበት ክር የተጠመጠመበት፣ ቴፕ ላይ የሚዞር አንድ መንኮራኩር ነበር።

ነገሩን ሲያስረዱ ቁጭ አላሉም። በደብራቸው የኔታ ክንዱ የሚባሉ የዜማ መምህር ነበሩ፤ ካረፉ ዓመት አልፏል። በኅዳር፣ በደብሩ ንግሥ ዕለት፣ በከበሮና በጸናጽል የሚወረብ አንድ ወረብ አለ፤ ሌላ ቦታ አይታወቅም። ከአፍ ወደ አፍ እንጂ ምልክቱ በጽሑፍ አልሰፈረም። የኔታ ክንዱ ደግሞ ጥብቅ መምህር ስለነበሩ የወረቡን መዝጊያ የሚያስተምሩት ተማሪው ከመነሻው እስከ መዝጊያው ደፍ ያለውን አንድ ዓመት ሙሉ ያለ ግድፈት ከዘለቀ በኋላ ነው። መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ ደፉ ላይ ሲደርሱ የኔታ አልጋ ያዙ። መዝጊያውን የሚያውቁት ሌሎቹ ሽማግሌዎች ቀድመው አልፈዋል። ደግነቱ፣ የኔታ በጤናቸው ሳሉ ለጥናት የመጣ አንድ የውጭ እንግዳ ወረቡን በሙሉ በክር ቀድቶ፣ ክሩን ለደብሩ ትቶ ሄዶ ነበር።

«ክሩ አለ ብዬ ተዘናጋሁ» አሉ መሪጌታ። «ንግሡ ወር አልቀረውም። መዝጊያው ያለ እዚህ ላይ ብቻ ነው።»

ቡሽራ መንኮራኩሩን ወደ አፍንጫው አስጠጋ፤ የክሩን ጠርዝም በጣቱ ዳሰሰ።

«ምን ነክቶታል?»

«ምንም።»

«የኑግ ዘይት ይሸተኛል።»

«ቀብቼዋለሁ» አሉ መሪጌታ። «ክረምት ላይ ሲጮኽ ደርቆ መሰለኝ። የመጽሐፍ ማኅደር ቆዳው ሲደርቅ እንቀባዋለን፤ ይለሰልሳል። ይኼንም እንደዚያው በጥጥ አሸሁት። ፍልሰታ ስለነበር ቅቤ አላስነካሁትም።»

«የቱን ያህል ቀቡት?»

«ከጫፍ እስከ ጫፍ። አንድ ስንዝር አልዘለልሁም፤ እየጸለይሁ ነው የቀባሁት።»

ምነው አንድ ጊዜ እንኳ በሰነፉ ኖሮ፣ ሲል አሰበ ቡሽራ፤ ይህን ግን ከአፉ አላወጣውም። ክሩ ላይ ምንም ያልተቀዳበት ባዶ ጫፍ እንዳለ ያውቃልና እሷን ብቻ በማሽኑ ላይ አሳለፋት። ከዚያም ክሩን የምታዳምጠውን ትንሽ ብረት፣ እሱ «ጆሮ» የሚላትን፣ በአልኮል በነከረው ጥጥ ጠረገ። ጥጡ ቡናማ ሆነ። ዳግመኛ ጠረገ፤ ዳግመኛ ቡናማ ሆነ።

ቡሽራ ነገሩ የገባው በዚህ ጊዜ ነው። ክሩ ራሱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ነገር ነው፤ ድምፅ የሚያርፈው በላዩ በተለበጠው ቡናማ ዱቄት ላይ ነው። ዘይቱ ልባጩን አርሶ ከክሩ አላቆታል። ጥጡ ላይ የቀረው እድፍ አልነበረም። ከባዶው ጫፍ አልፎ ቢሆን ኖሮ የኔታ ክንዱ በጥጡ ላይ ይቀሩ ነበር። ቡሽራ ጥጡን በመዳፉ ጨብጦ ኪሱ ከተተው፤ ለምን እንደ ደበቀው ለራሱም አልገባውም።

«መሪጌታ» አለ፣ «ይኼ ክር በተጫወተ ቁጥር ይላጣል። ስንሰማው ነው የምናጠፋው።»

«እንግዲያ እንዴት ይሰማል?»

«አንዴ ብቻ። ያንኑ አንዴ እየሰማን ወደ ሌላ ክር እንገለብጠዋለን። እሱም ከሆነ ነው። እስከ ነገ ይስጡኝ፤ እሺም እንቢም አላልሁም።»

መሪጌታ ክሩን ትተው ከተማ ውስጥ ወዳለ ዘመዳቸው ቤት ሄዱ። ቡሽራም ሱቁን ቆልፎ ለምሳ ቤቱ ገባ፤ እንጀራው ፊቱ ቀርቦ አልቆረሰም። ሚስቱ ሐዲጃ ታሪኩን ሰምታ ስትጨርስ ቃሏ አንድ ነበር።

«መልስላቸው።»

«ብመልሰው ሌላ ማሽን ላይ ጭነው እስኪሞት ያዞሩታል።»

«ይሙት። አንተ እጅ ላይ አይሙት እንጂ። ሥራው ቢሳካ መሪጌታ ጎበዝ ናቸው ይባላል። ባይሳካ የታቦቱን ወረብ ያጠፋው ያ እስላም ነው ይባላል። ይኼን እኔ ነኝ የምነግርህ? እዚህ ከተማ የተወለድኸው አንተ ነህ።»

«አንቺስ የት ነው የተወለድሽ?»

«አይከል። እዚያ ሰው የሚሰድብህ ፊት ለፊት ነው።»

ቡሽራ ሊስቅ ሞከረና አቃተው። ሐዲጃ ያለችው ሁሉ እውነት ነበር። ከክርስቲያን ጎረቤቶቹ ጋር ጠብ የለውም፤ የከተማውን ካህናት ራዲዮ ሲጠግን ኖሯል፤ በሐዘናቸውም በደስታቸውም ይደርሳል። ሆኖም አንድ ሕዝብ የሚወደው ነገር በሌላ ሰው እጅ ሲጠፋ ምን እንደሚከተል ለማወቅ ጠብ ማየት አያስፈልግም። ይሁን እንጂ ሌላም ፍርሃት ነበረበት፤ ይኸኛውን ለሐዲጃ አልነገራትም። ክሩን ቢመልስ፣ በኅዳር ከበሮው ሲመታና ወረቡ ደፉ ላይ ደርሶ ሲቆም፣ ያ ዝምታ አዲስ ዓለም ድረስ የሚሰማው መሰለው።

በማግሥቱ እሺ አለ።

ሥራውን እንደሚከተለው አሰናዳ። አንዱ ማሽን የራሱ ነው፤ ሌላውን ከከተማው አንድ ትምህርት ቤት ተዋሰ። ሲመሽ የከተማው መብራት ሁሉ በርቶ ኤሌክትሪኩ ስለሚደክምና ማሽኑ ስለሚጎተት፣ የሚሠራው በቀን ብቻ እንዲሆን ወሰነ። ከሁሉ በፊት ክሩን ማሽን ሳያስነካ በእጁ ቀስ ብሎ ከአንዱ መንኮራኩር ወደ ሌላው እያዞረ በመስኮቱ ብርሃን አየው። ጤነኛው ቦታ ጠቆር ብሎ ብርሃን አያሳልፍም፤ የታመመው እዚህም እዚያም ሳስቶ ነጣ ነጣ ይላል። የታመመ ቦታ ባገኘ ቁጥር ከጥቅሉ መካከል ቀጭን ቀይ ፈትል ጣል አደረገ። ክፉው ቦታ ወደ መጨረሻው ነበር። መዝጊያው ላይ።

«ጤነኛውን እናስቀድማለን» አላቸው መሪጌታን። «የታመመው ጋ ስንደርስ እንዘለዋለን። ጤነኛው ከዳነ በኋላ ወደ በሽተኛው እንመለሳለን፤ በሽተኛው በመጀመሪያ ጆሮዋን ከደፈነብን ጤነኛውንም ይዞብን ይሄዳል።»

መሪጌታ ፊታቸው ተለወጠ። «ወረብ አይዘለልም።»

«ኋላ እንገጣጥመዋለን።»

«አያ ቡሽራ፣ እኔ የኔታ ፊት አንዲት ፊደል ብስት ከመነሻው ነበር የሚመልሱኝ። አንድ ቀን ሙሉ ከመነሻው ስመለስ መሽቷል። ዜማ በመካከሉ አይጠገንም። የተሳሳተ ይመለሳል።»

«የሰው ጉሮሮ ሲመላለስ ይበረታል፤ ይኼ ሲመላለስ ያልቃል። እርስዎ ተመልሰው ተማሩ። ክሩ ቢመለስ አንማርበትም፤ እንቀብረዋለን።»

መሪጌታ እየተቃወሙ ተስማሙ።

ቡሽራ ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ሲያስታውስ ይበልጥ የሚያስታውሰው የራሱን ጆሮ ነው። ቃሉ ግእዝ ስለሆነ ትርጉሙን አያውቅም፤ ነገር ግን የኔታ ክንዱ ትንፋሽ የሚወስዱበትን ቦታ፣ መቋሚያቸው ወለሉን የሚመታበትን፣ ከበሮው ከስር የሚገባበትን ለየ። የሚያዳምጠው ግን ዜማውን ሳይሆን የዜማውን መፍዘዝ ነበር። ድምፁ ጭጋግ እንደገባ ሰው ራቅ ራቅ ማለት ሲጀምር ዱቄቱ ጆሮዋን ደፍኗል ማለት ነው፤ ያኔ ማሽኑን ያቆማል፣ ይጠርጋል፣ ይቀጥላል። በቆመና በተነሣ ቁጥር ክሩ ይሳባል። በተሳበ ቁጥር ቡሽራ የሚበጠስ ይመስለውና ትከሻው ይሸመቀቃል። መሪጌታ ደግሞ በጥግ በኩል ዱካ ላይ ተቀምጠው ከንፈራቸው ከየኔታ ጋር ይንቀሳቀሳል፤ ማሽኑ በቆመ ቁጥር እንደተመታ ሰው ብድግ ይላሉ።

«ይቀመጡ መሪጌታ፤ ጠረጴዛው ይነቃነቃል።»

«ተቀምጫለሁ እኮ።»

«ቆመዋል።»

ራሳቸውን ያዩና ይቀመጣሉ።

ጤነኛው ክፍል ዳነ። በቀይ ፈትል ምልክት ከተደረገባቸው ቦታዎችም ብዙዎቹ ዳኑ፤ አንዳንዱ ንጹሕ ሆኖ፣ አንዳንዱም ከጩኸት ጋር፤ ሆኖም ሲሰማ ይለያል። ዓርብ ረፋዱ ላይ የቀረው መዝጊያው ብቻ ነበር። ቡሽራ አዲሱን ክር አውጥቶ ለብቻው በሳጥን አኖረ፤ በምትኩ መቅጃው ላይ ለመዝጊያው ባዶ ክር ጫነ። አሮጌውን ማሽኑ ላይ እንዳለ ተወው፤ አንሥቶ መመለሱ ራሱ ክሩን የሚጎዳ መስሎት ነበር። የጁምዓ ሰዓት ደርሶ ነበርና እጁን አድርቆ ተነሣ።

«ስመለስ መዝጊያውን እንሞክራለን። እስከዚያ ምንም አይንኩ።»

«ምን እነካለሁ?» አሉ መሪጌታ።

መስጊድ ሲደርስ የኢማሙ ስብከት፣ ኹጥባው፣ ተጀምሮ ነበር። ከሰው ጋር ቆመ፣ ከሰው ጋር ሰገደ፤ ልቡ ግን ሱቁ ውስጥ ቀርታለች። «ምን እነካለሁ» ያሉበት ድምፅ መላልሶ መጣበት። የማይነካ ሰው «ምንም አልነካም» ይላል እንጂ «ምን እነካለሁ» አይልም። ሶላቱ እንዳበቃ ጫማውን እንኳ በደንብ ሳያጠልቅ ወጣ፤ ሰላም ያሉትን ሳይመልስ ዳገቱን በሩጫ ቀረሽ እርምጃ ወጣው። በሕይወቱ ሙሉ ከፍርሃቱ ሲሸሽ የኖረ ሰው፣ በዚያች ዳገት ላይ ወደ ፍርሃቱ ሲሮጥ ታየ።

የሱቁ በር ገርበብ ብሏል። መሪጌታ ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። የኤሌክትሪኩ ገመድ ከግድግዳው ተነቅሎ እጃቸው ላይ ነው።

ቡሽራ ወደ ማሽኑ ሄዶ ተመለከተ። ክሩ ተጠቅልሎ ወደ መነሻው ከተመለሰ በኋላ እንደገና እስከ መዝጊያው ተጉዟል፤ መዝጊያው መካከል ላይም ጆሮዋ ላይ ተጣብቆ ቆሟል።

«አንዴ ነው» አሉ መሪጌታ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «ስንት ቀን ሙሉ ቆራርጠን ስንሰማው ወረቡ ራሱ የፈረሰ መሰለኝ። ከመነሻው አንዴ፣ ሳይቋረጥ፣ ሰምቼው ወደ መዝጊያው ልግባ ብዬ ነው። መዝጊያው ጋ ሳልደርስ ላቆመው ነበር ሐሳቤ። የኔታ ሲሄዱ፣ ሲሄዱ… እጄ እንቢ አለኝ።»

«መቅጃው በርቶ ነበር?»

«መቅጃውን እኔ አላውቀውም።»

ቡሽራ ዱካው ላይ ተቀመጠ። ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ ነገር ግን ፊታቸውን ሲያይ ከእሱ የባሰ የፈራ ሰው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አየ።

«መዝጊያውንስ ሰሙት?»

«እኩሌታውን። ክሩ እየጮኸ ስለነበር ግን የሰማሁት ጩኸቱን ይሁን የኔታን መማል አልችልም። ያልማልሁበትን ዜማ ለተማሪ አልሰጥም። ብሞላው ሰው አያውቅብኝም፤ የሞላሁት ግን የእኔ ነው የሚሆነው።»

ቡሽራ የተጣበቀውን ክር በአልኮል እያራሰ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ከጆሮዋ አላቀቀው። አልተበጠሰም። በብርሃን ሲያየው ግን የመዝጊያው ቦታ የመስኮቱን ክፈፍ እስኪያሳይ ድረስ ሳስቷል። ቡናማው ጨርሶ አልጠፋም፤ እንደ ጉም ያለ ነገር ቀርቶበታል። ያ ጉም ድምፅ ይሁን ወይም የድምፅ ጠባሳ፣ ሳያጫውተው ማወቅ አይችልም። ካጫወተው ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ አይኖርም።

«አዲስ አበባ የተሻለ ማሽን ያለው ሰው ይኖራል» አለ። «እንላከው።»

«ንግሡስ?»

«ለዘንድሮ ይለፍ። ለከርሞ ይደርሳል።»

በዚህ ተስማምተው ክሩን ነጭ ጨርቅ ላይ አሳርፈው ተለያዩ። ቅዳሜ ጠዋት ቡሽራ ጨርቁን ሲገልጥ ግን ከክሩ በታች ቀጭን ቡናማ ብናኝ አገኘ። ማንም አልነካውም፤ ማሽንም አልዞረም። ዘይቱ ራሱ እየሠራ ነበር። አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ፣ የማኪናው መንገጫገጭ፣ የማያውቁትን ሰው አፈላልገው እስኪያገኙ የሚያልፈው ጊዜ በዓይነ ሕሊናው መጣ። እዚያ ሲደርስ ባዶ ክር ሊሆን ይችላል። እዚህ ቢያጫውተው፣ ከጩኸቱ መካከል መዝጊያው ሊሰማ ይችላል፤ ምንም ላይሰማም ይችላል፤ ያን ጊዜ አጥፊው መንገዱም ዘይቱም መሪጌታም ሳይሆኑ ቡሽራ ዐብዱረሕማን ሷሊሕ ነው።

መሪጌታ መጡ። ብናኙን አሳያቸው። ረጅም ጊዜ አዩት፤ ጣታቸውን ግን አላስጠጉም።

«እኔ ሁለት ጊዜ ነክቼው ሁለት ጊዜ ጎዳሁት» አሉ። «አሁን እኔ የምወስነው አይደለም። እርስዎ ያሉት ይሁን፤ ለደብሩም እንዲሁ እነግራለሁ። የሆነው ቢሆን፣ ፈቅጄ ነው እላለሁ።»

«ያምንዎታል?»

«ግማሹ።»

ቡሽራ ክሩን በማሽኑ ላይ ዘረጋ፤ ይህን ያደረገው ሊያጫውተው ይሁን ወይስ ለማየት ብቻ ለራሱም ግልጽ አልነበረም። ጆሮዋን ጠረገ። መቅጃውን አበራ፤ ቀዩዋ መብራት በራች። መብራት ኃይሉ የጠዋት ነውና አልደከመም። መሪጌታ ዱካው ላይ ተቀምጠው ዐይናቸውን ጨፍነዋል፤ ከንፈራቸው አይንቀሳቀስም። የቡሽራ ጣት ቁልፉ ላይ አርፏል፤ ገና አልተጫነውም። ከስሩ ጨርቁ ላይ ሌላ ብናኝ ስትወርድ አየ።

አንባቢ ሆይ፣ ጣቱ የእርስዎ ቢሆን ኖሮ ይጫኑት ነበር ወይስ ያነሡት ነበር?